ባህር ከሌለው አገር ተነስቶ የባህር ዳርቻ ምህንድስና መማር ያዋጣል?

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 26 ነው። ከአርባ ምንጭ በሃይድሮሊክስና ውሃ ሀብት ምህንድስና ተመርቄ ላለፉት ሦስት ዓመታት የመስኖ ቦይና የትንንሽ ግድብ ዲዛይን ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን ሁለት የማስተርስ ዕድል አለኝ። አንዱ አሜሪካ ነው። የዲግሪው ስም በግልጽ ‹የባህር ዳርቻና የውቅያኖስ ምህንድስና› ይላል፤ ግን ምንም የገንዘብ ድጋፍ የለውም። ቤተሰቦቼ ‹ተበድረንም ቢሆን እናስተምርሻለን› ይላሉ። ሌላው ኔዘርላንድስ ነው፤ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለው። ግን ዲግሪው ‹ሃይድሮሊክ ምህንድስና› ነው የሚለው፤ የባህሩ ትምህርት በውስጡ በምርጫ የሚወሰድ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ባህር በሌለው አገር ምን ልትሠሪበት ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። ዋና አልችልም፤ መርከብ ላይ መሥራትም አልፈልግም። ለመሆኑ ሥራ ይገኝበታል? ኢትዮጵያ ወደብ ካገኘች ተፈላጊ እሆናለሁ? ወይስ ማስተርሱን ዘልዬ በቀጥታ ፒኤችዲ ብጀምር ይሻላል?»

ከመርከቡ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም አካዳሚ የሚያሠለጥናቸው ልጆች መርከብ ላይ ወጥተው የሚሠሩ መኮንኖችና የሞተር መሐንዲሶች ናቸው። ጥሩ ሙያ ነው፤ ካንቺ ጋር ግን አይገናኝም። የባህር ዳርቻ መሐንዲስ ሥራው ባህሩና የብሱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ወደቡን ከማዕበል የሚጠብቀው ግንብ፣ የሚሸረሸረው አሸዋ፣ ከተማን የሚያሰጋው ጎርፍ፣ መርከብ የሚገባበት መስመር ጥልቀት የሱ ጉዳይ ናቸው። የውቅያኖስ መሐንዲስ ደግሞ ከዳርቻው ራቅ ይላል። የነዳጅ መድረክ፣ ባህር ውስጥ የሚተከል የነፋስ ተርባይን፣ በባህር ወለል ላይ የሚዘረጋ ቧንቧና ኬብል፣ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሮቦት ላይ ይሠራል። ሁለቱ የሚጋሩት የሞገድ ሳይንስን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥራቸው ድርጅትም፣ የሚጠይቃቸው ዕውቀትም ይለያያል። ያንቺ መነሻ ሲቪል ስለሆነ ወደ ዳርቻው ያደላል። ወደ ተርባይኑና ወደ መድረኩ መሄድ ከፈለግሽ ስትራክቸርና የንዝረት ትምህርት መጨመር አለብሽ።

ዋና አለመቻልሽ ከትምህርቱ አያግድሽም። አብዛኛው ሥራ ኮምፒውተር ፊት ነው። በጀልባ ወጥቶ ጥልቀት መለካት ወይም መሣሪያ መትከል ሲመጣ ግን ብዙ ቦታ የደህንነት ሥልጠና ይጠየቃል፤ ውሃ መልመድ ያኔ ይጠቅምሻል። እሱን በትርፍ ጊዜሽ ልትማሪው ትችያለሽ።

«ባህር የሌለው አገር» ለሚለው ቀልድ መልሱ አንቺው እጅ ላይ ነው። ቦይ ስትነድፊ የፍሩድን ቁጥር፣ ማለትም የውሃው ፍጥነት ከሞገድ ፍጥነት ጋር የሚነጻጸርበትን ክፍልፋይ፣ አስልተሻል። ታችኛው ክፍል ላይ ያለው የ«ጂ» (የመሬት ስበት) እና የጥልቀት ብዜት ካሬ ሥር ምንድን ነው? ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሞገድ የሚጓዝበት ፍጥነት ነው። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ፣ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ በሰከንድ 4.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ሞገዱ ወደ ዳርቻ ሲቀርብ ፊቱ ይዘገያል፣ ኋላው ይደርስበታል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። አርባ ምንጭ የተማርሽው ቀመር ነው፤ ለሌላ ዓላማ ተጠቅመሽበት ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። የሚጎድልሽ ሌላ ነው። ያንቺ ውሃ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል፤ በሰዓት ውስጥም ብዙ አይለዋወጥም። ባህር በየሰከንዱ ይለዋወጣል። በየሰከንዱ የሚለዋወጥን ነገር በስታቲስቲክስ መግለጽ መቻል አለብሽ። ከመሄድሽ በፊት አንድ መጽሐፍ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ካለሽ ስለ ባህር አይሁን፤ የስታቲስቲክስና የፉሪየር ትንተና (የተደበላለቀን ሞገድ ወደ ቀላል ሞገዶች የሚበትን ሒሳብ) ይሁን።

ደግሞ ሞገድ የባህር ብቻ አይደለም። የህዳሴው ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በዚህ ስፋት ላይ ነፋስ ሲሮጥ ሞገድ ይነሳል። ከዋናው ግድብ ጎን ያለው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የድንጋይ ሙሌት ግድብ አናት ከውሃው ምን ያህል ከፍ ማለት አለበት የሚለው ስሌት ውስጥ የሞገድ ቁመትና ተዳፋቱን ወጥቶ የሚደርስበት ከፍታ ይገባሉ። አንቺም በትንንሾቹ ግድቦች ላይ ፍሪቦርድ (ከውሃው በላይ የሚተወውን ትርፍ ከፍታ) ስታስቀምጪ ይህንኑ ነው የሠራሽው፤ ምናልባት ከሠንጠረዥ ላይ አንስተሽ። ጣና፣ አባያና ጫሞ ላይ የሚሠራ ጀልባ ማቆሚያ ሁሉ የዚህ ሙያ ልጅ ነው። ለባልደረቦችሽ ይህን ንገሪያቸውና ወደ ሥራችን እንመለስ።

ወደብ «ካገኘች» የሚለው ላይ ግን ቆፍጠን ብዬ እመልሳለሁ። በፖለቲካ ተስፋ ላይ የሙያ ምርጫ አትሥሪ። ከ1998 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሰብ መጠቀም ቀርቷል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ዕቃችን በጂቡቲ ነው የሚያልፈው። ነገ ወደብ ተገኘ እንበል። በዚህ አካባቢ ትልልቅ ወደብ ሲሠራ ዲዛይኑ በዓለም አቀፍ አማካሪ ድርጅት፣ ግንባታው በውጭ ተቋራጭ፣ ሥራ ማስኬዱ ብዙ ጊዜ በወደብ ኩባንያ እጅ ይገባል። የሶማሊላንዱን የበርበራ ወደብ ተመልከቺ፤ በ2021 የተመረቀውን 400 ሜትር መርከብ ማስጠጊያ ያሠራውም የሚያስተዳድረውም የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ነው። አገሪቱ የሚያስፈልጋት የተቋራጩን ሰነድ አንብቦ «ይህ የሞገድ መረጃ ከየት መጣ? ደለሉን ማን በየስንት ዓመቱ ይጠርገዋል? በማን ወጪ?» የሚል ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ወርቅ ነው። ግን የሚፈለገው በጣት የሚቆጠር ነው፤ የሚፈለገውም አሥር ዓመት ሌላ ቦታ ሠርቶ የመጣው ነው እንጂ ገና የተመረቀው አይደለም። ስለዚህ ወደቡ ቢመጣ ምርቃት ነው፤ ባይመጣም የሚያኖርሽ ሙያ ያዥ።

ሙያው ምን እንደሚመስል አንድ ስሌት ላሳይሽ። ወደብን ከማዕበል የሚከልል የድንጋይ ግንብ ልትነድፊ ነው። ጥያቄው ሞገዱ የማያነቃንቀው አንድ ድንጋይ ስንት ይመዝን የሚል ነው። የቆየውና እስከ ዛሬ ለመጀመሪያ ግምት የምንጠቀምበት የሃድሰን ቀመር አለ። ተዳፋቱ 1 ለ 2፣ የድንጋዩ ጥግግት በሜትር ኩብ 2,650 ኪሎ፣ ድንጋዩ ሻካራና ማዕዘናማ፣ ሞገዱ ግንቡ ላይ የሚሰበር ይሁን፤ የመረጋጋት ቁጥሩን፣ ማለትም ድንጋዮቹ ምን ያህል ተያይዘው ሞገዱን እንደሚቋቋሙ የሚገልጸውን፣ 2 እንውሰድ። የሞገዱ ቁመት 2 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ድንጋይ 1.3 ቶን ገደማ ይወጣል። ቁመቱን 3 ሜትር አድርጊው፤ 4.5 ቶን ይሆናል። አንድ ሜትር ብቻ ጨመርን፣ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም ክብደቱ የሚከተለው የቁመቱን ሦስተኛ ርቢ ነው። በእጥፍ ብታሳድጊው ኖሮ ስምንት እጥፍ ይሆን ነበር። የድንጋይ ካባው 4.5 ቶን የሚያወጣ ድንጋይ አለው? ክሬኑስ እስከ ግንቡ ጫፍ ያደርሰዋል? ከሌለ ኮንክሪት ቅርጾች ትሄጃለሽ። ከነዚህ አንዱ፣ እርስ በርሱ እንዲቆላለፍ ተደርጎ የተቀረጸው ዶሎስ የሚባለው፣ በ1960ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ወደብ ላይ የተፈለሰፈ የአፍሪካ ልጅ ነው።

አሁን ጥያቄው «የሞገዱ ቁመት 2 ነው ወይስ 3?» የሚለው ሆነ። መላው የምርምር ዘርፍ የተሰቀለው እዚህ ላይ ነው። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ስንት ዓመት መረጃ ላይ ቆመ? በ100 ዓመት አንዴ ይመጣል የተባለው ማዕበል ስሌቱ ልክ ነው? ፖርቱጋል ሲነሽ ላይ ዋጋውን አይተውታል። እስከ 50 ሜትር ጥልቀት የሚደርስ ግንብ ሠሩ፤ እያንዳንዳቸው 42 ቶን የሚመዝኑ ዶሎሶች አለበሱት። በየካቲት 1978 ግንባታው ሊያልቅ ሲል አንድ ማዕበል መጥቶ አብዛኛውን ልባስ አፈረሰው። የሚገርመው ማዕበሉ ለዲዛይን ከታሰበው ያነሰ ነበር። በቅርጽ ቀጠን ያሉና ብረት ያልገባባቸው ትልልቅ ኮንክሪቶች እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰበራሉ። ትንሿ የላቦራቶሪ ሞዴል ደግሞ ይህን አላሳየችም፤ ትንሽ ዶሎስ ከትልቁ አንጻር ሲታይ እጅግ ጠንካራ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለወጠ። ብዙ ተማሪም ከዚህ ግንብ ፍርስራሽ ላይ ቴሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) ሠርቷል፤ የሙያችን ክፉ ቀን ለምርምር ጥሩ ቀን ነው።

ወደ ምርምሩ እንግባ። የማስተርስ ተማሪ ቴሲስ በአብዛኛው ከሦስት ቦታ በአንዱ ይወድቃል፤ ላቦራቶሪ፣ ኮምፒውተር ወይም መስክ። ላቦራቶሪ ውስጥ እውነተኛውን ግንብ 25 ጊዜ አሳንሰሽ ትሠሪያለሽ። 3 ሜትር የነበረው ሞገድ 12 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጊዜው ግን 25 ጊዜ አያንስም፤ 5 ጊዜ ነው የሚያንሰው፤ በ10 ሰከንድ አንዴ ይመጣ የነበረው በ2 ሰከንድ ይመጣል። የውሃው ቅጥነት ደግሞ ጭራሽ አያንስም፤ ያው ውሃ ነው። በትንንሾቹ ድንጋዮች መሃል ያለው ፍሰት ከእውነተኛው የሚለየው ለዚህ ነው። ለዚህም ሲሉ ሞገድ እየፈጠሩ የሚሞክሩባቸው ግዙፍ ቦዮች ሠርተዋል። ኔዘርላንድስ ዴልፍት ያለው፣ ዴልታሬስ የተባለው የውሃ ምርምር ተቋም የሞገድ ቦይ 300 ሜትር ርዝመትና 9.5 ሜትር ጥልቀት አለው። ጀርመን ሃኖቨር ያለው 307 ሜትር፣ አሜሪካ ኦሪገን ስቴት ያለው 104 ሜትር ነው። ቦታዎቹ ያስደምማሉ። ግን በብሮሹር ፎቶ እንዳትሸወጂ። በትልቁ ቦይ አንድ ሳምንት ሙከራ ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ የማስተርስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በትንሿ ቦይ ነው፣ ወይም ከዓመታት በፊት ተለክቶ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ላይ ነው። ይህ ማለት ግን ሥራው መናኛ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ቴሲስ ከአሮጌ ፋይል ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አብዛኛው ተማሪ የሚገባበትና አብዛኛው ቀጣሪ የሚፈልገው ኮምፒውተሩን ነው። ከዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስዋን የተባለ ፕሮግራም የሞገድ ስሌት ይሠራል። ኤክስቢች በማዕበል ጊዜ አሸዋ እንዴት እንደሚሸረሸር ያሰላል። ዴልፍት ስሪዲ የውሃ ፍሰትና ደለል ነው፤ በአሜሪካ ደላዌር የተሠራው ፈንዌቭ እያንዳንዱን ሞገድ ለየብቻ ይከተላል። እነዚህ ሁሉ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ በነጻ ታወርጃለሽ። አማካሪ ድርጅቶች ጋ ደግሞ የዴንማርኩ ማይክ 21 በብዛት አለ፤ እሱ በፈቃድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ሞዴል መንዳት ቀላል ነው፤ ሁሌም የሚያምር ባለቀለም ካርታ ይሰጥሻል፣ ያስገባሽው ቆሻሻም ቢሆን። ቃለ መጠይቅ ላይ እኔ የምጠይቀው «ስንት ሶፍትዌር ታውቂያለሽ?» ብዬ አይደለም። «ሞዴሉ ሲሳሳት በምን አወቅሽ?» እላለሁ። አብዛኛው ሲቪው በሶፍትዌር ስም የተሞላ አመልካች እዚህ ላይ ነው ዝም የሚለው።

መስክ ሦስተኛው ነው። ሴንሰር ትተክያለሽ፣ ማዕበል ይወስደዋል። ባትሪ ያልቃል። የባህር ሣርና ቅርፊት ይለብሰዋል። በሁለት ዓመት ማስተርስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ በራስሽ የመስክ ልኬት ላይ የተንጠለጠለ ቴሲስ አትያዢ፤ ማዕበሉ በዚያ ክረምት ካልመጣ ምረቃሽም አይመጣም። ሌላ ሰው የጀመረው የረጅም ጊዜ ልኬት ውስጥ ግቢ። ለምሳሌ ደቾች (የኔዘርላንድስ ሰዎች) በ2011 ከ21 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ አንድ ዳርቻ ላይ ከመሩና «ሞገዱ ራሱ ያከፋፍለው» ብለው ተዉት። እስከ ዛሬ ይለኩታል። ስንት ማስተርስና ፒኤችዲ ወጣበት! አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዳክ የሚባል ቦታ ላይም የአገሪቱ ጦር መሐንዲሶች ከ1977 ጀምሮ ባህር ውስጥ 560 ሜትር ገደማ የገባ ድልድይ ላይ ሆነው ለአሥርተ ዓመታት ሞገዱንና አሸዋውን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ነው።

ከአፍሪካ ርዕስ ልምረጥ ካልሽ ደግሞ አያልቅም። የናይጄሪያዋን ሌጎስን ውሰጂ። ከ1908 እስከ 1912 ድረስ ወደቡን ለመጠበቅ ግንቦች ተሠሩ። እዚያ ዳርቻ ላይ ሞገድ አሸዋውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነዳል። ግንቡ መንገዱን ሲዘጋበት ከምዕራብ በኩል አሸዋ ተከመረ፤ በምሥራቅ በኩል ያለችው ቪክቶሪያ ደሴት ግን ለአሥርተ ዓመታት ተበላች። ኤኮ አትላንቲክ የሚባለው አዲስ ከተማ ዛሬ ከረጅም ግንብ ጀርባ የሚገነባው ባህሩ የወሰደውን መሬት መልሶ በአሸዋ በመሙላት ነው። እሱም በተራው ከምሥራቁ ያለውን ዳርቻ ምን ያደርገዋል የሚለው ክርክር አላበቃም። የዓለም ባንክ ከ2018 ጀምሮ ለምዕራብ አፍሪካ ዳርቻዎች ብቻ የሚውል ፕሮግራም ከፍቷል። አፍሪካዊ መሐንዲስ እዚህ ሥራ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ፈረንሳይኛ ቢጨምርበት ደግሞ የበለጠ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ለዚህ ማስተርስ ቤተሰብሽን አታስበድሪ። አሜሪካ ውስጥ በምህንድስና የሚሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው የሚሄደው ለፒኤችዲ ተማሪ ነው። የትምህርት ክፍያውም፣ የወር ደሞዙም የሚመጣው አድቫይዘሩ (ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር) ከያዘው የምርምር ገንዘብ ነው። ማስተርሱ ብዙ ቦታ ዩኒቨርሲቲው የሚያተርፍበት ነው። «አንዴ ልግባ እንጂ እዚያ ሆኜ ደሞዝ ያለው የምርምር ወይም የማስተማር ረዳትነት አገኛለሁ» የሚል ተስፋ አለ። የሚሳካለት አለ። ግን ያልተጻፈ ተስፋ ላይ የአባትሽን ቤት ማስያዝ ልክ አይደለም። በተጨማሪ የዚህ ሙያ የምርምር ገንዘብ እዚያ አገር በብዛት ከፌዴራል መንግሥት ነው የሚመጣው፤ በ2025 ብዙ ተቋማት ላይ ቅነሳ መጥቷል። የባህር ነፋስ ኃይሉም በዚያው ዓመት ጥር አዲስ የቦታ ኪራይ በፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ታግዶበታል። «ኦሽን ምህንድስና ተምሬ ተርባይን ላይ እቀጠራለሁ» ብሎ አሜሪካ ለመሄድ ጊዜው ጥሩ አይደለም።

አውሮፓም ሁሉ በነጻ አይደለም። ኖርዌይ ለረጅም ጊዜ ለሁሉም ነጻ ነበረች፤ ከ2023 መኸር ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ውጪ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያ ጀምራለች። አሮጌ ምክር አምነው የሚያመለክቱ አሁንም አሉ። ጀርመን አብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሁንም የትምህርት ክፍያ የለውም፤ የመኖሪያ ገንዘብ ግን በዝግ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማሳየት ይጠበቅብሻል፤ ልዩ ክፍያ የጀመሩ ክፍለ ግዛቶችና ዩኒቨርሲቲዎችም አሉና አንድ በአንድ አጣሪ።

ሥራ ይገኛል ወይ ላልሽው፣ ይገኛል። ባህሩ ራሱ ሥራ እየፈጠረ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ሪፖርት እንደሚለው ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባህር ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ቀጣሪዎቹ ግን ዓይነታቸው ይለያያል። አማካሪ ድርጅቶች አሉ፤ እዚያ ዲዛይንና ሞዴል ነው፣ ቢሮ ነው፣ ሪፖርት ይበዛል። ባህር ጠራጊና ሙሌት ተቋራጮች አሉ፤ ቫን ኦርድ፣ ቦስካሊስ፣ ያን ደ ኑል፣ ዴሜ የሚባሉት የደችና የቤልጂግ ኩባንያዎች ዓለምን ይዞራሉ። ዱባይ ላይ የዘንባባ ቅርጽ ያለውን ደሴት ቫን ኦርድ ነው ከባህር ወለል አሸዋ እየመጠጠ የሠራው። በረሃ ተከቦ አሸዋ ከባህር ማምጣት ያስቃል፤ ግን የበረሃው አሸዋ በነፋስ ተፈጭቶ ደቅቋል፣ ለእንዲህ ዓይነት ሙሌት አይመችም። ተቋራጭ ጋ ደሞዙ ጥሩ ነው፤ ሳምንታት ሳይት ላይ፣ ሳምንታት እረፍት ነው። ቤተሰብ ለመመሥረት የምታስቢ ከሆነ ይህን ከወዲሁ አስቢበት፤ ለወንዱም ያው ነው። የምርምር ተቋማት ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ፒኤችዲ ይፈልጋሉ።

ማንም የማይነግርሽ እንቅፋት ፓስፖርት ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ሙያ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ የጦር መሐንዲሶቹ፣ የባህር ኃይሉ፣ የውቅያኖስና አየር ንብረት መሥሪያ ቤቱ። እነዚህ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃሉ። ግሪን ካርድም ብዙ ጊዜ አያስገባም። የውሃ ውስጥ ሮቦትና ድምፅ ነክ ምርምር ከመከላከያ ገንዘብ ጋር ሲነካካ የውጭ ተማሪ ፕሮጀክቱ ላይ እንዳይገባ የሚከለከልበት ጊዜ አለ። የሚቀርሽ የግል አማካሪ ድርጅት ነው። ከምረቃ በኋላ ለአንድ ዓመት፣ በምህንድስና ደግሞ ተጨማሪ ሁለት ዓመት መሥራት የሚፈቅድ አሠራር አለ። ከዚያ በኋላ ቪዛው የዕጣና የቀጣሪ ፈቃደኝነት ጉዳይ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ተመራቂ ሥራ እየፈለገ የሚቆይበትና ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የሚቀጠርበት የአንድ ዓመት መኖሪያ አለ። በዚያ ላይ የዚህ ሙያ ድርጅቶች ተቃቅፈው የተቀመጡት እዚያችው ትንሽ አገር ውስጥ ነው። ተማሪው ቴሲሱን ኩባንያ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሥራቱ እዚያ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያገኘው በዚህ በር ነው።

ፒኤችዲን በተመለከተ፦ አሁን አይደለም። አማካሪ ድርጅት ወይም ተቋራጭ ጋ መሥራት ከፈለግሽ ፒኤችዲ አያስፈልግሽም፤ አራት አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይወስድብሻል። ማስተማር ወይም ምርምር ተቋም ከፈለግሽ ግድ ነው። አሁን ግን የቱን እንደምትወጂ የምታውቂበት መንገድ የለሽም፤ ሞገድ ላይ አንድም ሥራ አልሠራሽም። ማስተርሱ ይህን ያሳይሻል። ኔዘርላንድስ ፒኤችዲ ተማሪ ደሞዝ የሚከፈለው ተቀጣሪ ነው፤ በአብዛኛው ለአራት ዓመት። ቴሲስሽን ያየ ፕሮፌሰር ቦታ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያስታውሰው አንቺን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። የኔዘርላንድሱን ተቀበዪ። ዲግሪው ላይ «ሃይድሮሊክ» ተብሎ መጻፉ አያስጨንቅሽ፤ ቀጣሪ የሚያየው የወሰድሽውን ኮርስና ቴሲስሽን ነው። እንዲያውም ሰፊው ስም ይጠቅምሻል፤ አገርሽ ብትመለሺ ከግድብና ከመስኖ ሥራ አያስወጣሽም። ከምርጫ ኮርሶቹ የሞገድ ሜካኒክስን፣ የደለል ጉዞንና የወደብና ግንብ ዲዛይንን አትለፊ። የአሜሪካውን በትህትና መልሺ። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትምህርት ክፍያውንም፣ የወር መተዳደሪያውንም፣ ለስንት ዓመት እንደሆነም የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ከላኩልሽ። በስልክ «አይዞሽ ይገኛል» የሚል አይቆጠርም።

እስክትሄጂ ባለው ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር ሥሪ። ስዋንን አውርጂና የጣናን ሞገድ ለማስላት ሞክሪ። ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የነፋሱን መረጃ ከአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል በነጻ ታገኛለሽ፤ ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ አለ። ከዚያ አንድ ችግር ይገጥምሻል። የዚያ መረጃ አንድ ካሬ ጎኑ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ደግሞ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መላው ሐይቅ ከሦስት አራት ካሬ አይበልጥም ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ እዚያ ውስጥ ይጠፋል፤ ሞገድሽም ያንሳል። ይህን በባህር ዳር የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ልኬት ለማረም ሞክሪ፣ ያረምሽበትን መንገድም በሁለት ገጽ ጻፊው። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ካልቻልሽ በዚሁ ትለምጂዋለሽ።

ያቺን ሁለት ገጽ ይዘሽ ከመግባትሽ ከሁለት ወር በፊት እዚያ ለሚያስተምር አንድ ፕሮፌሰር አጭር ኢሜይል ላኪ። ስለ ህልምሽና ስለ አገርሽ ባህር ማጣት አንድም መስመር አትጻፊበት። የጣናን አንድ ግራፍ አያይዢ፣ ሞዴልሽ ከልኬቱ የት ላይ እንደሚለይ ንገሪው፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቂ፦ በመጪው ዓመት ለማስተርስ ተማሪ የሚሆን ፕሮጀክት አለው ወይ፣ መረጃው ተሰብስቧል ወይስ ገና ነው፣ ያለፈው ዓመት ተማሪዎቹስ ቴሲሳቸውን የት ድርጅት ውስጥ ሆነው ሠሩ።